የቧንቧ ሠራተኛ ፈቃድና ዋስትና ይኑረው

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ ዓምድ ስለ ከተማችን ኑሮ የሚጻፈውን ዘወትር የምከታተል የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ ግን ከአንባቢነት ወደ አቤት ባይነት ያደረሰኝ ጉዳይ ስላጋጠመኝ፥ ይህችን አጭር አስተያየት እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ፥ በ3ኛው ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት የመታጠቢያ ቤቴ ቱቦ ስላንጠባጠበ፥ መፍቻውን ይዞ በመንገድ ዳር ሥራ ከሚጠብቅ አንድ ወጣት ጋር በዋጋ ተስማማሁ። ግድግዳውን ፈልፍሎ፥ ቱቦውን ቀጥሎ፥ በሲሚንቶ ደፍኖ ሄደ። በዚያን ቀን ውሃ አልነበረም። ሌሊት የፈረቃችን ውሃ ሲመጣ መገጣጠሚያው ተላቀቀና፥ እኛ ተኝተን ሳለን ከበታቻችን ወደሚኖሩት ጡረተኛ እናት ቤት ወረደ። ፍራሻቸውና ቴሌቪዥናቸው ቀርቶ የልጃቸው የትምህርት ማስረጃ እንኳ ሳይተርፍ ራሰ። እኒህ እናት ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ «አንተስ ምን ታደርግ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ካሳውን ግን ከደመወዜ በየወሩ እየቆረጥሁ ከፈልሁ። ወጣቱን በስልክ ብፈልገው አጣሁት። ባገኘውስ ከምኑ ይከፍለኛል?

ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ አልጥልም። እኔም የጠየቅሁት ዋጋውን እንጂ የሙያ ማስረጃውን አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ፥ በቁጥር 2031ም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። እንግዲህ የጐደለው ሕግ አይደለም። ነገር ግን ንብረት በሌለው ሰው ላይ የተፈረደ ካሳ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሙያው ደንብም ቢሆን ላልተማረው ሰው ከየት ይታወቃል? የተማረ ባለሙያ ግድግዳ ከመድፈኑ በፊት ቱቦውን በግፊት ይፈትነዋል፤ ውሃ በሌለበት ቀን እንኳ አንድ ባልዲ ውሃና የእጅ ፓምፕ ይበቃዋል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ቢሠራ ኖሮ ያ ሌሊት ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ሦስት ነገር አመለክታለሁ።

አንደኛ፥ ስለ ፈቃድ ነው። በቴክኒክና ሙያ በኩል የብቃት ምዘና ወስዶ በደረጃ የምስክር ወረቀት የመቀበል ሥርዓት አለ። የቧንቧ ሠራተኛ ይህንኑ መሠረት ያደረገ፥ ፎቶግራፍና ቁጥር ያለበት መታወቂያ ይያዝ፤ ደንበኛውም በሩን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቀው።

ሁለተኛ፥ ስለ ሥራው ማስታወቂያ ነው። የቧንቧ ማዞሪያ ለመለወጥ ማንም ፈቃድ አይጠየቅ። ነገር ግን ግድግዳ የሚፈለፈልበት፥ ወይም ብዙ ቤት የሚጋራው ቱቦ የሚነካበት ሥራ ሲሆን፥ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ መሠረት ለተቋቋመው የባለቤቶች ማኅበር አስቀድሞ ይነገር፤ ከመደፈኑም በፊት ሰው ይየው።

ሦስተኛ፥ ስለ ዋስትና ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪና ሁሉ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን እንዲገባ አስገድዷል፤ ምክንያቱም የተገጨው ሰው የገጪውን ኪስ እያየ መካስ የለበትም። ከላይ በወረደ ውሃ ንብረቱ የጠፋ ጐረቤትስ ከዚህ በምን ይለያል? በኒውዮርክ ከተማ ዋና የቧንቧ ባለሙያ ለመሆን የሚያመለክት ሰው ልምዱን ያስረዳል፥ ይፈተናል፥ የመድን ማስረጃም ያቀርባል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ድኻውን ወጣት ከእንጀራው ያፈናቅላል» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት አለው። ፈቃዱ በየቢሮው ደጅ የሚያስጠና፥ ክፍያውም ከአቅም በላይ የሆነ እንደሆነ፥ ሥራው በድብቅ ይሠራል እንጂ አይቆምም። እኛ በቢሮ የተቀመጥን ሰዎች ይህን ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ስለሆነም በልምድ የሠለጠነው ወደ ትምህርት ቤት ሳይመለስ በእጁ ሥራ ይፈተን፤ ክፍያው ይቅለል፤ ዋስትናውንም እያንዳንዱ ለብቻው ሳይሆን በማኅበር ተደራጅተው በጋራ ይግቡ። ብዙዎች ሲያዋጡ ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነውና።

እንዲህ ቢሆን የሚጠቀመው ጐረቤቴ ወይም እኔ ብቻ አይደለንም። ያም ወጣት በአንድ መገጣጠሚያ መላቀቅ ስልኩን አጥፍቶ ከሰፈር አይሰወርም ነበር፤ ተመልሶ ይጠግነው ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ