ስልኩ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲያድር



የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ገና ሲመሽ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይገባል፤ ልጆችም ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። ግን እውነት ተኝተዋል?

አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን «ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ክፍል ውስጥም ያንቀላፋል» ብላ አመጣችው። እይታውን ለካን፣ ደሙን አስመረመርን፤ ምንም የለም። «ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?» ስለው አንገቱን ደፋ። ለካ እናቱ እንቅልፍ ሲወስዳት ስልኳን አንስቶ ብርድ ልብስ ውስጥ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቲክቶክ ያያል! እሷም እዚያው «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የሚባል እንዳትነካ!» አለችው።

ንዴቷ ይገባኛል፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ አይተናል። ሲመለስ ብዙ ልጆች ካቆሙበት ቀጠሉ። ክልከላ ብቻውን ልጅን አያስተምርም፤ ስልክ የተነጠቀ ልጅ የጓደኛውን ይዋሳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የማያውቀው ሰው ፎቶ ላክልኝ ቢለው፣ ከዚያም ቢያስፈራራው፣ «ስልኩን ይቀሙኛል፣ ይገርፉኛል» ብሎ የሚፈራ ልጅ ለማን ይነግራል? ለማንም!

ስለዚህ ቁጥጥራችሁ በግልጽ ይሁን፦

1. የሁሉም ስልክ፣ የአባትም የእናትም፣ ማታ ሳሎን ይደር። የድንገት ጥሪ የሚያሰጋችሁ ድምፁን ክፍት አድርጉት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

2. የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እንዲበሉ ብላችሁ ስልክ አትስጡ።

3. ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቅድም። ዕድሜ ዋሽታችሁ አካውንት አትክፈቱላቸው። ከ13 በላይ ከሆኑ «ፋሚሊ ፔሪንግ» በሚለው ከእናንተ አካውንት ጋር አገናኙት።

4. ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢንግ» የሚለውን ከልጁ ጋር ሆናችሁ ክፈቱ። በየትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ያሳያል። የእናንተንም አሳዩት።

5. «የሚያስፈራህ ነገር ከገጠመህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» በሉት። ሲነግራችሁም ቃላችሁን ጠብቁ።

ልጁ በቂ ተኝቶም ራስ ምታቱ ካልተወው፣ ወይም ትውከትና ትኩሳት ካለው፣ ስልክ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።

ያቺ እናት በወሩ ስትመለስ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ዶክተር፣ ስልክ ሳሎን ማሳደሩ የከበደው ለኔ ነው!»

እናንተ ቤትስ ስልክ የት ነው የሚያድረው?

ለሌሎች ወላጆች ሼር አድርጉላቸው።