አባቶቻችን አፈር ቢነኩ ምን ነውር አለው?



ይህን የጻፍኩት በሦስተኛው ሴገር ወቅት ነው። ከዲሴምበር 27 ቀን 2020 ጀምሮ እንደገና በር ዘግተን ተቀምጠን ነበር። ልጆቹ ዙም ላይ ነበሩ፣ ግማሾቻችን ከሥራ ቀርተን ነበር፣ ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ቀኑን በመስኮት እያዩ ያመሹ ነበር። ክትባቱ መጥቶ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አባቴም የመጀመሪያውን ተወግተው ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ክትባት አይደለም፣ ስለ ጎመን ነው። አትሳቁብኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው የገባነው። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎንደር ገጠር ውስጥ በበሬ ያረሱ ሰው ናቸው። እዚህ ሐዴራ ከመጡ በኋላ ፋብሪካ ጠርገዋል፣ ዘበኛ ሆነዋል፣ ከዚያም ጡረታ። ከጡረታ በኋላ ኑሯቸው የታወቀ ነበር፤ ጠዋት ጸሎት፣ ከጸሎት መልስ ከጓደኞቻቸው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ጨዋታ፣ ቅዳሜ የልጅ ልጅ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ደግሞ ለቅሶ ወይም ሠርግ። እንግዲህ ማርች 2020 ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀረ። ከቤት መቶ ሜትር ብቻ ተባለ። የፋሲካን ሌሊት እሳቸውና እናቴ ለብቻቸው ቂጣውን ቆርሰው በሉ፤ እኛ እዚያው ከተማ ውስጥ ሆነን በስልክ ነው እንኳን አደረሳችሁ ያልነው። ለቅሶ እንኳ በሰው ቁጥር ሆነ። ለእኛ ሰው ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አባቴ ዝም አሉ። ስደውል «ደኅና ነኝ» ይላሉ፣ ያበቃል። «ምሳ በሉ?» ስላቸው «በልቻለሁ» ይላሉ፤ እናቴ ከኋላ ሆና «የት በላ!» ትላለች። ቀኑን ሙሉ የሬቃ ሬድዮን ከፍተው ዛሬ ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሰው ሞተ እያሉ ይቆጥራሉ። ማታ እንቅልፍ የለም።

አንድ ቀን መድኃኒታቸውን ላደርስ ስሄድ ቤት አጣኋቸው። ደንግጬ ስፈልግ ከሕንፃው ጀርባ፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹ ከተደረደሩበት አጠገብ፣ በርከክ ብለው በወጥ ቤት ቢላዋ መሬት እየቆፈሩ አገኘኋቸው። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል፣ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሷል። እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «አባዬ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሰው ያየናል እኮ! ምን ይሉናል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ምን ይሉኛል? ገበሬ ነው ይሉኛል» አሉኝ። ወደ ቁፋሯቸው ተመለሱ።

ከወራት ወዲህ ከአፋቸው የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

እኔ ለምን አፈርኩ? ብዙ አሰብኩበት። ብቻዬን እንዳልሆንኩም አውቃለሁ፤ ይህን ለጓደኞቼ ሳጫውታቸው ግማሾቹ «እውነትህን ነው፣ ኢየሩሳሌም የመጣነው መሬት ልንቆፍር ነው እንዴ?» አሉኝ። ነገሩ ሥር አለው። አገራችን ላይ አባቶቻችን ያርሱ ነበር፣ መሬቱ ግን የእነሱ አልነበረም። ርስት የተነፈገ ሕዝብ ነበርን፤ ብዙዎቻችን የሰው መሬት በጭሰኝነት አርሰን ከምርቱ እየከፈልን ነው የኖርነው። በዚህ ላይ ብረት ስለምንቀጠቅጥ፣ ሸክላ ስለምንሠራ፣ ሸማ ስለምንሸምን ተሰደብንበት፣ ቡዳ ተባልንበት። መሬት ለአራሹ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ለብዙ አባቶቻችን ቁራሽ መሬት ደረሳቸው፣ እሱም ከጎረቤት ጋር ጠብ አመጣባቸው። ታዲያ እኛ ልጆቻቸው በእጅ መሥራትን ከውርደት ጋር አያይዘን ብናድግ ምን ይገርማል? ልጆቻችን ኮምፒውተር ላይ ይቀመጡ፣ እኛ ንጹሕ ልብስ እንልበስ፣ አፈር የድሮ ነገር ነው አልን።

እኔ አሁን የምለው ተቃራኒውን ነው። ያሳፍር የነበረው የሰው መሬት ላይ ለሰው መድከሙ ነው። አባቴ በዚህ አገር ላይ፣ ከገዛ ቤታቸው ጀርባ፣ ማንም እኩል አካፍለኝ የማይላቸውን ጎመን ቢተክሉ ውርደቱ የቱ ላይ ነው?

ሐዴራ ራሷ እንዴት እንደተሠራች እናስታውስ። በ1891 ስትቆረቆር ቦታው ረግረግ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ፈጃቸው። ረግረጉን በቦይ አጠነፈፉት፣ ውሃውን እንዲመጥላቸው ባሕር ዛፍ ተከሉ። ዛሬም የሐዴራ ጫካ የምንለው የባሕር ዛፍ ነው። ሆስፒታላችን የተሰየመው ወባን ሲዋጋ በኖረው በሐኪሙ በሂሌል ያፌ ነው። አባቴ እዚህ በመጡ ሰሞን ጫካውን አይተው «ይኼማ የኛው ባሕር ዛፍ ነው!» ያሉትን አልረሳም። እኛም አገር በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ዛፍ መሆኑን የነገርኳቸው በኋላ ነው፤ አላመኑኝም፣ አሁንም አያምኑም።

ወደ ጎመኑ ልመለስ። መጀመሪያ ምንም አልበቀለም። የሐዴራ አፈር አሸዋ ነው፣ ቀይ ነው፣ ውሃ አይዝም፤ ጠዋት ብታጠጣው ማታ ደርቆ ታገኘዋለህ። አባቴ አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው፣ ከፍተው፣ አሽትተው «ይኼ የራበው መሬት ነው» አሉ። ከዚያ እናቴ የቡና አተላ፣ የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት መጣል ተከለከለች። ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ይሸፈናል፣ ይቆያል። ሁለተኛው ችግር ወቅቱ ነው። እኛ አገር ዝናቡ በሐምሌ ነው፣ እዚህ ዝናቡ ከብርድ ጋር ነው የሚመጣው። አባቴ 29 ዓመት እዚህ ኖረው ዘር ሲይዙ ግን እጃቸው የሚያስበው በጎንደር ነው፤ ግንቦት ላይ ጎመን ዘሩ፣ ፀሐይ ጠበሰችው። በሁለተኛው ሴገር፣ በሮሽ ሐሻና ዋዜማ እንደገና ሲዘጋ፣ አልጋቸውን ሳይሆን መደባቸውን ነበር የሚያሰናዱት። ከሱኮት በኋላ ዘሩ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አገኘው። በ2020 ሲግድ ኖቬምበር 16 ነበር፤ ሌላ ጊዜ አውቶቡስ ሞልተን ወደ ኢየሩሳሌም እንወጣ የነበረው ያን ዓመት በጥቂት ሰው ብቻ ተከበረ። አባቴ ጾሙን ቤታቸው ዋሉ። በማግስቱ ጠዋት ስደውል «ቡቃያው ወጥቷል» አሉኝ። እኔ ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ።

አሁን ጎመኑን እየበላን ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ቅጠል አውጥቷል። ጤና አዳም ከሚሽታላ ገዛንላቸው፣ በዕብራይስጥ ፒጋም ይሉታል፣ በየሜዳውም የሚበቅል ዘመድ አለው። ውሃ አታብዙበት። ደግሞ በፀሐይ ሰዓት ስትቆርጡት ውሃው ቆዳ ያቃጥላል፣ ማታ ቁረጡት፣ እጃችሁን ታጠቡ፤ እኔ በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። በርበሬውና በሶብላው ብርዱ እስኪያልፍ ይቆያሉ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም። ግቢው የጋራ ነው። አንድ ጎረቤት ለዋዓድ ባይት ከሰሳቸው፤ ይሸታል፣ ግቢውን አበላሸ፣ ነገ ሁሉም ሊቆፍር ነው አለ። እውነቱን ለመናገር የሰውየው ነገር ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም፤ ሳናስፈቅድ ነው የጀመርነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሁለት ሜትር በአራት ሜትር ተፈቀደልን፣ ውሃውን ከራሳችን ቤት በባልዲ እናወርዳለን። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ከላይኛው ፎቅ ያለችው የሩሲያ አሮጊት ደግሞ አንድ ቀን በወረቀት የጠቀለለችውን የእንስላል ዘር ይዛ ወረደች። እሷም አባቴም ዕብራይስጣቸው ያው ነው፣ የተሰባበረ ነው፤ ሁለት ሜትር ተራርቀው ቆመው ግማሽ ሰዓት በእጅ ሲያወሩ አየኋቸው። አንድ ሕንፃ ውስጥ 14 ዓመት ኖረው ከሰላምታ በቀር ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ወሬ አይደለም። በማርች 2020 አሜሪካ ውስጥ ቡርፒ የሚባል የዘር ነጋዴ በ144 ዓመት ታሪኩ እንደዚያ ሸጦ የማያውቀውን ያህል ዘር ሸጠ። ሰው ሲጨንቀው ወደ አፈር ይመለሳል። ልዩነቱ፣ እነሱ እንዴት እንደሚተከል ከቪዲዮ እየተማሩ ነው፤ እኛ የሚያውቀውን ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጠን ቴሌቪዥን ከፍተንለታል።

መሬት የሌለው ሚርፔሴት አለው፣ የወይራ ቆርቆሮ ታች በኩል ተበስቶ አፈር ቢሞላበት ይበቃል። መትከል የማይወድም አለ። አክስቴ አፈር አትወድም፤ እሷ እንዝርቷን አውጥታ ጥጥ መፍተል ጀመረች። ስንደዶና አክርማ ስለማይገኝ በራፍያ ስፌት የሚሰፉ እናቶችም አውቃለሁ። አንዷ እናት ስለ ቢዱዱ ስትቀልድ «ድሮ አትንኩኝ እያሉ ይሰድቡን ነበር፣ አሁን ዓለሙ ሁሉ አትንኩኝ ሆነ» አለች። እውነትም መራቅን፣ መታጠብን፣ ለብቻ ጎጆ ውስጥ ሰባት ቀን መቀመጥን የእኛ እናቶች ያውቁታል። እዚያ ጎጆ ውስጥ ሆነው ግን እጃቸው ሥራ ይፈታ ነበር? ይፈትሉ ነበር፣ ይሰፉ ነበር።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። ከአያቱ ጋር «ምን አለህ?» «ደኅና» ብለው ያበቃ ነበር። በሁለተኛው ሴገር ዙሙ ሲሰለቸው ከአያቱ ዘንድ ላክሁት፤ ቤታችን ከአንድ ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ነው፣ ውጭ አየር ላይ ማስካ አድርገው። አሁን መደብ ይላል፣ ቡቃያ ይላል፣ አረም ይላል፣ ዶማ ይላል። ባለፈው ሳምንት በስልክ «አያ፣ ኮትኩተሃል?» ሲላቸው ሰማሁ። «አንተ» ማለቱን አባቴ ይቅር ብለውታል፣ እኔ ግን «አንቱ» በል ብዬ አርሜዋለሁ። በብዙ ገንዘብ የአማርኛ አስተማሪ ብቀጥር ይህን አላገኝም ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ ቦታ ላይ አዋቂው አያቱ ናቸው። ቤት ውስጥ የኩፓት ሆሊም ወረቀት የሚያነብላቸው፣ ስልካቸውን የሚያስተካክልላቸው እሱ ነው። ግቢው ውስጥ እሱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ።

ጎመን መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። እናት ወይም አባት ምግብ ከተዉ፣ ከክፍል አልወጣም ካሉ፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ነገር ከአፋቸው ከወጣ፣ ያለ ሐፍረት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ኩፓት ሆሊም አማርኛ የሚናገር ሰው እንዲመድብላችሁ ጠይቁ። አባቴም ያኔ መጥፎ ሌሊት ነበራቸው፣ በተለይ ከኖቬምበር 2020 ወዲህ የአገር ቤት ጦርነት ወሬ ሲሰሙ፤ ጎንደር ውስጥ ገና የሚጠባበቁ ዘመዶች ነበሩን። ልዩነቱ ጠዋት ላይ ነው። ጠዋት የሚወርዱበት ነገር አላቸው።

በ2021 ቱ ቢሽቫት ጃንዋሪ 28 ነበር። ልጆቻችን ሌላ ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥተው ችግኝ ይተክሉ ነበር፣ ያን ዓመት ግን ቤት ነበሩ። አባቴ ከጎመኑ አራት እግር ሳይቆርጡ ለዘር ትተዋል፤ አበባ ሊያወጣ ነው። «ዘሩ ሲደርቅ ለሚፈልግ ሁሉ ቋጥሬ እሰጣለሁ፣ ግን መስከረም ሳያልፍ እንዳይዘሩት ንገርልኝ» ብለውኛል። ነገርኳችሁ።