ማሽኑ ያድርስ፣ ሰው ያንብብ

ውድ ወገኖቻችን፣ ክቡራን ወላጆች፤

በየቤታችሁ የገባውን ነገር ግን በግልጽ ያልተነጋገርንበትን አንድ ጉዳይ በዚህ እትም ልናነሣ እንወዳለን። ይኸውም በእጅ ስልካችሁ በአማርኛ ስለሚደርሳችሁ ማስታወቂያ ነው። ማን ጻፈው? ከመላኩስ በፊት ማን አነበበው? ብዙ ጊዜ ጠይቀን ያገኘነው መልስ «ማንም አላነበበውም፣ በራሱ ነው የሚሄደው» የሚል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጸሐፊ ማስታወቂያውን በዕብራይስጥ ጽፎ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ድረ ገጹ «ክላውድ» ከሚባሉት፣ በሌላ ቦታ በተቀመጡ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ከሚሠሩት አገልግሎቶች ጋር ተያይዟል። አንደኛው አገልግሎት አዲስ ጽሑፍ መውጣቱን ያያል፤ ሁለተኛው ወደ አማርኛ ይተረጉመዋል፤ ሦስተኛው በፌስቡክ፣ በኢሜይልና በአጭር መልእክት ይበትነዋል። እንደ ዛፒየር ያሉ አገናኝ አገልግሎቶች ይህን ሁሉ ያለ ሰው እጅ በጥቂት ደቂቃ ይፈጽሙታል። ጉግልም ከ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አማርኛ ስለሚተረጉም፣ የምናነጋግራቸው ኃላፊዎች «የአማርኛው ነገር አልቆለታል» ይሉናል።

እኛ ግን አላለቀለትም እንላለን። ምክንያታችንንም እንዘረዝራለን።

ባለፈው ዓመት በአንድ ከተማ የሕፃናት ጋን ምዝገባ ማስታወቂያ በዚህ መንገድ ተላከ። ዕብራይስጡ «8:00» ይላል፤ ማሽኑ «8 ሰዓት» ብሎ አስተላለፈው። ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው የቀኑ 8 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር 14:00 መሆኑ ነው። የጠዋቱ 8:00 በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይባላል። በ2020 በተጀመረው «ጹር እስራኤል» ዘመቻ ከመጡት እናቶች አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን አዝለው በተጻፈላቸው ሰዓት ሲደርሱ ምዝገባው አብቅቶ በሩ ተዘግቷል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ «እነዚህ ሰዎች ሰዓት አያከብሩም» ስትል በጆሯችን ሰማን። እናቶቹ ግን የተጻፈላቸውን ሰዓት አክብረው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ዓመቱን ሙሉ ልጇን በሁለት አውቶቡስ ወደ ሌላ ሰፈር ስታመላልስ ከረመች።

ሁለተኛው የአክብሮት ጉዳይ ነው። ዕብራይስጥ ትንሹንም ትልቁንም «አታ» ብሎ ይጠራል፤ ይህ ቋንቋው ነው፣ ነውርም የለበትም። በአማርኛ ግን «አንተ» ሌላ፣ «እርስዎ» ሌላ ነው። ማሽኑ ይህን መለየት ሲሳነው ለሽማግሌውም ለቄሱም «መታወቂያህን ይዘህ ና» ብሎ ይጽፋል። አንድ በመርከዝ ክሊታ የሚኖሩ አባት እንዲህ ያለ መልእክት ደርሷቸው ስልኩን አስቀመጡት። ለምን እንዳልሄዱ ስንጠይቃቸው «ይህ ለልጆች የተጻፈ መስሎኝ ነው» አሉን። በዚህ ምክንያት ቀጠሯቸው አለፈ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የልጆቻችን ጉዳይ ነው። አማርኛው አልገባ ሲል ሸክሙ የሚወድቀው ዕብራይስጥ በለመደው ልጅ ላይ ነው። ይህን የምንጽፈው የማኅበሩ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምረናል፤ ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው በፊት፣ ገና በ10 ዓመታችን፣ የእናቶቻችንን የሐኪም ወረቀትና የቢቱዋህ ሌኡሚን ደብዳቤ ስንተረጉም አድገናል። ልጅ የቤቱ አፍ ሲሆን አባት ቃሉ ይቀንሳል፤ ልጁም ያለ ዕድሜው የቤቱን ጭንቀት ይሸከማል። ማሽኑ ይህን ሸክም ያቀልላል ተብሎ ነበር። በተበላሸ አማርኛ የመጣ ማስታወቂያ ግን ልጁን እንደገና ወደ አስተርጓሚነት ይመልሰዋል።

የሚሰጠንን መልስ እናውቀዋለን። «ለአስተርጓሚ የሚከፈል በጀት የለም፤ ማስታወቂያው ከሚዘገይ ተበላሽቶም ቢሆን ይድረስ» ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። እኛም በማኅበራችን አንድን ማስታወቂያ በአምስትና በስድስት ቦታ በእጅ ስንለጥፍ እንውል ነበር፤ አሁን ማሽኑ ስለሚያደርስልን የተረፈንን ሰዓት ቤተሰብ ለመጎብኘት አውለነዋል። ማሽንን የምንጠላ አይደለንም። የምንቃወመው ማድረስንና መናገርን አንድ አድርጎ ማየትን ነው። ደብዳቤ የሚያደርሰው ፖስተኛ የደብዳቤውን ቃል አይጽፍም።

መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። እነዚህ አገናኝ አገልግሎቶች የተተረጎመውን ጽሑፍ ወዲያው እንዳይበትኑት፣ በረቂቅነት አስቀምጠው የሰው ፈቃድ እንዲጠብቁ ማድረግ ይቻላል። አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ወይም መጋሸር ረቂቁን ከፍቶ ሰዓቱን፣ ቀኑንና አጠራሩን አርሞ ይለቀዋል። ለአንድ አጭር ማስታወቂያ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው፤ በአንድ ደቂቃ የተበተነ ስሕተት በሳምንት አይለቀምም።

በመሆኑም የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

አንደኛ፣ ማንኛውም የአማርኛ ማስታወቂያ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሳያነበው እንዳይወጣ፤ ያነበበው ሰው ስምና ስልክ ቁጥርም ከግርጌው ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ሲጻፍ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በእስራኤል አቆጣጠር 8:00» ተብሎ።

ሦስተኛ፣ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ያው ማስታወቂያ በሰው ድምፅ ተቀርጾ ይላክ።

አራተኛ፣ በስሕተት ማስታወቂያ ምክንያት ቀን ያለፈበት ቤተሰብ መብቱ አይጓደልበት፤ ጥፋቱ የላኪው ነውና።

ይህ ልመና አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለሁሉም የሚመች እንዲያደርጉ አዟል። ለሐኪም ቤት የተገባ ነገር ለትምህርት ቤትና ለከተማው ማዘጋጃ ቤትም ይገባል።

እናንተም ወላጆች፣ የማይገባ አማርኛ ሲደርሳችሁ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብላችሁ አትፈሩ፤ አማርኛውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መልእክቱን አታጥፉት፤ የዕብራይስጡን ጽሑፍም ጠይቁ፤ ሁለቱንም ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ኑ። እኛም ስሕተቶቹን ሰብስበን፣ ቀናቸውን ጽፈን፣ ለላኩት መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤ እናቀርባለን። ልጆቻችሁ ደግሞ በዚያ ሰዓት የቤት ሥራቸውን ይሥሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች