ግብሩ ከመጣሉ በፊት ሰፈሩ ይጠየቅ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ወገል ጤና

ለክርክር የሚገባ አንድ ጥያቄ በዚህ መጽሔት ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ሰፈርን ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ በቤትና በይዞታ ላይ ከሚጣል ግብር ይሰብሰብ ወይስ አይሰብሰብ? የሚሰበሰብ ከሆነስ ነዋሪው አስቀድሞ ድምፅ ይስጥበት ወይስ አይስጥበት?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር ተደነገገ። ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ ግብር እያለ የሚጠራው ይኸንኑ ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። ይህ ታክስ በከተማ ቦታ የመጠቀም መብትና በቦታው ላይ በተሠራው ቤት ዋጋ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ጉዳዩ ውሎ አድሮ ወደ እኛ ወደ ደላንታ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ከመምጣቱ በፊት ልንነጋገርበት ይገባል።

በመጀመሪያ የደጋፊዎቹን ምክንያት እንመልከት። ሁለት ቤቶች በአንድ ዓይነት እንጨትና ጭቃ ተሠርተው አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ለብሰዋል እንበል። አንዱ ከዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ለሱቅ ይከራያል፤ ሌላው ከውስጥ ስለሆነ በክረምት ጭቃው እንኳ አያስደርስም። የሁለቱን ዋጋ ያለያየው የባለቤቶቹ ድካም ሳይሆን በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው መንገድ ነው። ስለዚህ መንገዱ ቤቱን ያስወደደለት ሰው ከጥቅሙ ጥቂቱን ለሰፈሩ ቢመልስ ፍርድ አይጓደልም። የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የመንገድ መብራት፣ የቦኖ ውሃ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በምኞት አይሠሩም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

የተቃዋሚዎቹም ቃል ቀላል አይደለም። ቤት ያለው ሁሉ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም። ባሏ የተወላትን ቤት ይዛ ጠላ እየሸጠች ልጆቿን የምታስተምር እናት፣ የቤቷ ዋጋ ስላደገ ገቢዋ አላደገም፤ ግድግዳም ተቆርሶ አይበላም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ጥሪቱን ያጣ ቤተሰብም ገና አላገገመም። ከዚህ ሌላ እድሳት ሲባል ነዋሪውን የሚያነሣ ጊዜ አለ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ስለዚህ ሰው «የምከፍለው ለሰፈሬ ነው ወይስ ከሰፈሬ ለመነሣት?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው የነዋሪው ድምፅ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕዝበ ውሳኔ ሲባል እንደ ሲዳማው፣ እንደ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያለውን ትልቅ የክልልነት ጉዳይ ብቻ እናስባለን። ነገር ግን ለአንድ ሰፈር ቦይና መብራትም ትልቅ ጉዳይ ነው። አዋጁን ሰፈር ይሻረው አልልም፤ የግብሩ መጠን ሲቆረጥና ገንዘቡ የሚውልበት ሥራ ሲመረጥ ግን ከፋዩ ይጠየቅ እላለሁ።

«በራሱ ላይ ግብር እንዲጣል ድምፅ የሚሰጥ ማን አለ?» የሚሉ አሉ። መልሱ በየደጃችን ያለው ቅሬ ነው። ቅሬ መዋጮውን የሚሰበስበው ያለ ፖሊስ ነው። ምክንያቱም መጠኑን የወሰኑት አባላቱ ራሳቸው ናቸው፤ ገንዘብ ያዡም በጉባኤ ፊት ሒሳቡን ያቀርባል፤ ገንዘቡ ምን እንደ ሠራም ሐዘን በደረሰ ቀን ሁሉም በዓይኑ ያያል። ሰው የሚሸሸው መክፈልን ሳይሆን የት እንደሚገባ የማያውቀውን ክፍያ ነው።

ሳይጠይቁ ማዘግየት ደግሞ የሚያመጣውን ጉዳት ከሌላ አገር እንማር። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ በፍጥነት ሲንር ግብሩም አብሮ ናረ። ሕዝቡም ተቆጥቶ በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1978) በድምፁ ግብሩ ከቤቱ ግምት ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ በዓመት ከመቶ ሁለት በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ባለቤቶቹ እፎይ አሉ፤ የከተሞችና የትምህርት ቤቶች ገቢ ግን ክፉኛ ቀነሰ። አዲስ አበባም ለብዙ ዘመን ሳይሻሻል የቆየውን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ግምት በ2015 ዓ.ም. ባሻሻለች ጊዜ ብርቱ ቅሬታ ተሰምቷል። በጊዜው ያልተጠየቀ ሕዝብ በመጨረሻ የሚሰጠው መልስ የቁጣ መልስ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ግብሩ ሳይጨመር ሰፈሩ ድምፅ ይስጥ፤ የቤት ኪራይ ሲጨመር ጭነቱ በተከራይ ላይ ስለሚወድቅ ተከራይም ይምረጥ። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ሥራና የሚፈጀው ገንዘብ አስቀድሞ ይነገር፤ የዓመቱም ሒሳብ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ለአቅመ ደካማ ግብሩ ይቅርለት፤ ወይም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ይቆይለት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛና የምክር ቤት አባል የሚሆኑ አሉ። ያን ጊዜ ግብር ለመጣል ብዕር ስናነሣ፣ አስቀድመን ከፋዩን መጠየቅን ከዛሬው እንልመድ። እናንተም ወላጆቻችን፣ ስብሰባ ስትጠሩ አትቅሩ፤ ከዳር ተቀምጦ ከማማረር ገብቶ መከራከር ለሰፈራችን ይበጃልና።