ስለ አረጋውያን መርሳት

በመቱና በበደሌ መካከል ባለችው በያዮ፥ አንድ አባት የልጃቸውን ስም ቢረሱ ወይም ከቡናው ጫካ የቤታቸው መንገድ ቢጠፋባቸው «ጃጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን እንዲህ ሊታለፍ የሚገባው አይመስለንም፤ መርሳት ሁሉ አንድ አይደለምና። የጀርመኑ ሐኪም አልዝሃይመር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 የገለጸው ደዌ እስከ ዛሬ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። ከእንቅርት ዕጢ መድከም፥ ከምግብ ጉድለት ወይም ከብርቱ ትካዜ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ በሕክምና ይሻላል። ይህንን ለይቶ ወደ መቱ ሆስፒታል የሚልክ፥ በዚሁ ነገር የሠለጠነ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የአእምሮ ልዩ ሐኪም ላልሆኑ ሠራተኞች ባወጣው መምሪያ ይኸው ደዌ ገብቶአል፤ ስለ አስታማሚውም ድካም ተጽፎበታል። እንግዲህ ሌሊት ሳትተኛ የምትጠብቃቸውን ልጅ ወይም ምራት (ሥራው ሁልጊዜ በሴት ላይ መውደቁ ይገርመናል) ዘመዶች በገበያ ቀን እንኳ በተራ ሊያሳርፉአት ይገባል።