የቤተ ሰብ ገጽ፦ ነፍሰ ጡር ሴት እንዴት ትተኛ?

በአገራችን ልማድ ነፍሰ ጡር ሴትን የሚሰናበት ሰው «በሽልም ያውጣሽ» ብሎ ይመርቃታል። ምርቃቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምርቃቱ የሚሰጣት በቀን፣ በሰው ፊት ነው፤ እርሷ ከሁሉ ይልቅ የምትቸገረው ሌሊት፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ሆዷ ከገፋ ወዲህ በዚህም በዚያም ብትገላበጥ አይመቻትም። ወገቧን ያማታል፤ ቃር ያቃጥላታል፤ ሽንቷም ደጋግሞ ያስነሣታል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የነፍሰ ጡር ሴት አተኛኘት ምን መምሰል እንደሚገባው ለመናገር አስበናል።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ «ይህስ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ሊገልጠው ይችላል። እንዲህ ያለው አንባቢያችን ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። አልጋውን የሚያሠራው፣ ፍራሹን የሚገዛው፣ ሌሊትም ከጎኗ የሚተኛው እርሱ ነውና ጉዳዩ የእርሱም ነው። በሚመራው መሥሪያ ቤት ውስጥም ነፍሰ ጡር ሆነው የሚሠሩ ሴቶች አይጠፉም።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ሰው ጀርባውን በአልጋው ላይ አሳርፎ፣ ፊቱን ወደ ጣራ አቅንቶ ሲተኛ ተንጋለለ ይባላል። ሆዱን ወደ ፍራሹ አድርጎ ሲተኛ በሆዱ ተኛ ይባላል። በቀኙ ወይም በግራው ሲተኛ ደግሞ በጎኑ ተኛ፣ በጎኑ ተጋደመ ይባላል። ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው፦ እርግዝናዋ 28 ሳምንት የሞላው፣ ይኸውም ሰባተኛ ወሯን የያዘች ሴት፣ ለመተኛት ስትጋደም በጎኗ ትጋደም እንጂ አትንጋለል።

ከዚያ በፊት ባሉት ወራት እንደ ወደደች ብትተኛ የሚያስፈራ ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማሕፀኑ ገና ትንሽ ስለሆነ በሆድ መተኛት እንኳ ሕፃኑን አይጎዳውም፤ ቆይቶም ሆዷ ራሱ ይከለክላታል። በአሜሪካ አገር ከ8,700 በሚበልጡ ነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2019 የታተመ ጥናት፣ እስከ 30ኛው ሳምንት ድረስ ያለው አተኛኘት ከሕፃን መሞትም ሆነ ከሕፃን ማነስ ጋራ ግንኙነት እንዳልታየበት ገልጿል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ሴቲቱ ገና ከፀነሰችበት ቀን ጀምሮ በአተኛኘቷ ልትጨነቅ አይገባም። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው።

ምክንያቱ ምንድር ነው? ከእግርና ከወገብ በታች ያለው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው በአንድ ትልቅ የደም ሥር በኩል ነው። ይህ የደም ሥር በሆድ ውስጥ፣ ከአከርካሪው አጥንት በስተቀኝ ተዘርግቶ ወደ ላይ ይወጣል። የመውለጃው ጊዜ ሲቃረብ ማሕፀኑ ከሕፃኑ፣ ከእንግዴ ልጁና ከሽርት ውሃው ጋራ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሴቲቱ በተንጋለለች ጊዜ ይህ ሁሉ ክብደት በደም ሥሩ ላይ ይጫናል። አትክልት የሚጠጣበትን የጎማ ቧንቧ በእግር ቢረግጡት ከጫፉ የሚወጣው ውሃ እንደሚያንስ ሁሉ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም እንዲሁ ያንሳል። የሚመለሰው ደም ሲያንስ ልብ የሚረጨው ይቀንሳል፤ ወደ ማሕፀን የሚደርሰውም ደም ስለሚጎድል ሕፃኑ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንስበታል።

አንዳንዲቱ ሴት በዚህ ጊዜ ራሷን ያዞራታል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ያቅለሸልሻታል። ወደ ጎኗ እንደ ዞረች ግን ወዲያው ይለቃታል። የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን ነገር በ1953 በሕክምና መጽሔት አብራርተው ጽፈውበታል። ብዙዎቹ ሴቶች ግን ደማቸው በሌሎች የደም ሥሮች እየዞረ ስለሚመለስ ምንም አይሰማቸውም፤ አልተሰማቸውም ማለት ግን ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም አልቀነሰም ማለት አይደለም። ሐኪሞች ነፍሰ ጡርን በቀዶ ጥገና ሲያዋልዱ አልጋውን ጥቂት ወደ ግራ የሚያጋድሉት ወይም ከቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ የሚያኖሩት ስለዚሁ ነው።

ነገሩ ከፍ ያለ ትኩረት ያገኘው ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በመጨረሻዎቹ ወራት ሕፃናቸው በማሕፀን የሞተባቸውን 155 ሴቶችና ሌሎች 310 ነፍሰ ጡሮችን ስለ አተኛኘታቸው ጠይቀው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። ከዚያም በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው በ2019 ወጡ። በዚህ ምርመራ እንደ ታየው፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ተንጋለው እንቅልፍ በጀመሩት ሴቶች ዘንድ የሕፃኑ በማሕፀን መሞት በጎናቸው ከተኙት ይልቅ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል የመድረስ ዕድል ነበረው። ተመራማሪዎቹም ሴቶች ሁሉ በጎናቸው ቢተኙ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ከሚደርሰው እንዲህ ካለው ሞት ከ100 ወደ 6 የሚጠጋው ሊቀር እንደሚችል ገምተዋል። የእንግሊዝ አገር የጤና መመሪያም በ2021 ይህንኑ ምክር ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ እንዲሰጥ አድርጓል።

እዚህ ላይ ቍጥሩን በትክክል ማስተዋል ይገባል። ተንጋለው ከሚተኙት ነፍሰ ጡሮች እጅግ የሚበዙት ሕያው ልጅ ይታቀፋሉ። ነገር ግን አደጋውን ለመቀነስ የሚጠየቀው መዞር ብቻ ከሆነ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ብልህነት ነው።

«በቀኝ ይሻላል ወይስ በግራ?» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ትልቁ የደም ሥር በቀኝ በኩል በመሆኑ፣ ቀድሞ በግራ ብቻ መተኛት ይመከር ነበር። ያ የ2019 ምርመራ ግን በቀኝ በተኙትና በግራ በተኙት መካከል ልዩነት አላገኘም። እንግዲህ ግራው የሰለቻት ሴት ያለ ሥጋት ወደ ቀኟ ትዙር። አንዳንድ ሴቶች «ስገላበጥ እትብቱ በሕፃኑ አንገት ላይ ይጠመጠማል» ብለው ይሠጋሉ። እትብት የሚጠመጠመው ሕፃኑ ራሱ በውሃው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ነው እንጂ እናቲቱ በመገላበጧ አይደለም።

እንቅልፍ የወሰደው ሰው ራሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት በጎኗ ተኝታ ሳለች ሌሊት ተንጋልላ ብትነቃ ልትደነግጥ አይገባትም፤ ወደ ጎኗ ዞራ እንቅልፏን ትቀጥል። ጥናቶቹ የጠየቁት እንቅልፍ ሲጀመር ስለ ነበረው አተኛኘት ነው፤ ሰው በሌሊቱ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቈየውም እንቅልፍ በጀመረበት ሁኔታ ነው።

ከዚህም ጋራ አንድ ከባድ ነገር ማሳሰብ ግድ ይሆንብናል። ልጇ በማሕፀን የሞተባትን እናት «ተንጋለሽ ተኝተሽ ነው» ብሎ መውቀስ በኀዘን ላይ ኀዘን መጨመር ነው። እንዲህ ላለው ሞት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን፣ የእንግዴ ልጅ ጕድለት፣ የምጥ መራዘም ሁሉ ያደርሱታል። ይህን ምክር የምንጽፈው ለሚመጣው ሌሊት እንዲጠቅም ነው እንጂ ላለፈው መክሰሻ እንዲሆን አይደለም።

አሁን ወደ አልጋው እንመለስ። ነፍሰ ጡር ሴት በጎኗ ስትጋደም ጕልበቶቿን ጥቂት አጥፋ በመካከላቸው ትራስ ብታኖር ወገቧና ዳሌዋ ያርፋሉ። ከሆዷ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ብታደርግ ሆዷ አይጐተትም። ከጀርባዋ በኩል ሌላ ትራስ ቢደገፍላት በእንቅልፍ ልቧ አትንጋለልም። ትራስ ባይበቃ የተጠቀለለ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይተካል። ጠፍሩ የረገበ አልጋ መካከሉ ስለሚሰረጕድ የተኛውን ሰው ወደ ጀርባው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ጠፍሩን አስቀድሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። በመደብ ላይ የምትተኛ ሴት ደግሞ ጐኗ እንዳይቈስል ከሥሯ ወፈር ያለ ፍራሽ ይነጠፍላት፤ በጀርባዋና በግድግዳውም መካከል ጋቢው ይግባላት።

ቃር የሚያስቸግራት ሴት እራቷን ከመኝታ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አስቀድማ ትብላ፤ ራሷንና ትከሻዋንም ከፍ አድርጋ ትተኛ። ማታ የሚፈላ ቡና እንቅልፍ ያባርራልና በእነዚህ ወራት ቢቀርባት ይሻላል። ሌሊት ባቷ ቢኮማተር እግሯን ዘርግታ ጣቶቿን ወደ ላይ ትሳብ። ከአልጋ ስትነሣም በመጀመሪያ ወደ ጎኗ ዞራ፣ በእጇ ተደግፋ ትቀመጥ፤ ጥቂት ቈይታ ትቁም። ይህ ሁሉ ምክር ለቀን እንቅልፍም ያው ነው።

ባል የሆነው አንባቢያችንም ድርሻ አለው። ታናሹ ልጅ በመካከል ተኝቶ እናቱን እየገፋ የሚያንጋልላት ከሆነ ልጁን ወደ ራሱ ጎን ያዙረው። እንግዳ በመጣ ጊዜ አልጋዋን ለቅቃ መሬት ላይ የምትተኛው እርሷ እንዳትሆን ይጠንቀቅ። ሌሊት ተንጋልላ ቢያያት ቀስ ብሎ ይቀስቅሳትና ዞር እንድትል ይንገራት። በመሥሪያ ቤት አለቃ የሆነውም፣ በሥሩ ያለች ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ እንደምትገባ አስቦ በምሳ ሰዓት ጋደም የምትልበት ጸጥ ያለ ስፍራ ቢሰጣት ሥራው አይበደልም።

በመጨረሻም አተኛኘትን ማሳመር የጤና ባለሙያን እንደማይተካ እናሳስባለን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር ሴት እስክትወልድ ድረስ ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋራ እንድትገናኝ ተናግሯል። በምርመራ ጊዜ ተንጋልላ ሳለች ራሷን ቢያዞራት ሳታፍር ለአዋላጇ ትንገራት። ከሁሉ በላይ ግን፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከወትሮው ያነሰ ወይም የቆመ ቢመስላት፣ ደም ቢታያት፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ቢይዛት «ይነጋልኝ» ማለት አይገባትም፤ ባልም «ነገ እንሄዳለን» አይበል። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

ለጤና የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ የዛሬው ግን በጀት አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀው አንድ ጋቢና ጥቂት አሳቢነት ብቻ ነው። ሰባተኛ ወር የገባች ነፍሰ ጡር ያለችበት አንባቢያችን ሁሉ ዛሬ ማታ መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት ጋቢውን ጠቅልሎ ከጀርባዋ እንዲያኖርላት አደራ እንላለን።