የርካሹ ጠርሙስ ክብርና የ1897ቱ ሕግ

ዋጋው ሲወደድ መጠጡም ይጣፍጣል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ሻጮችም በዚሁ እምነት ብዙ ያተርፋሉ። ሪተንሃውስ የተባለው የአሜሪካ ራይ ውስኪ ግን ይህን እምነት ይፈታተነዋል። እዚያው አገሩ በአብዛኛው 30 ዶላር አካባቢ ይሸጣል።

ራይ ስንዴ የሚመስል፣ ብርድ የሚችል እህል ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ መጠጥ ራይ ውስኪ ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ መሆን አለበት። የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ነው።

ሪተንሃውስ ምንም ሳይቀላቀልበት ሲቀመስ ቀድሞ የሚመጣው እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለ ማቃጠል ነው። ቀረፋና የብርቱካን ልጣጭ ይከተላሉ፤ መጨረሻ ላይ መራራ ካካዎ ይቀራል። አልኮሉ 50 በመቶ ስለሆነ ጉሮሮን ይፈትናል። ለብቻው ሲጠጣ እንደ ውዶቹ አይለሰልስም፤ ይህ መካድ የለበትም። ጥቂት ጠብታ ውሃ ግን ያበርደዋል።

ኮክቴል ውስጥ ሲገባ ይኸው ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል። ማንሃታን ሁለት እጅ ራይ፣ አንድ እጅ ጣፋጭ ቀይ ቨርሙዝና ጥቂት ጠብታ አንጎስቱራ ነው። ለስላሳ ውስኪ በቨርሙዙ ጣፋጭነት ይዋጣል፤ ይህ ግን አይዋጥም። ኦልድ ፋሽንድ ላይም በረዶው እየቀለጠ ጣዕሙ ይዘልቃል።

ምስጋናው ግን ለጠማቂው ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ተራ አልኮል በቀለምና በማጣፈጫ አስመስለው ውስኪ ነው ይሉ ነበር። በ1897 የወጣው «ቦትልድ ኢን ቦንድ» ሕግ ለዚህ መልስ ሰጠ፦ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ የምርት ወቅት፣ ቢያንስ 4 ዓመት በርሜል ውስጥ፣ 50 በመቶ አልኮል። የተጠመቀበት ፋብሪካም በመለያው ላይ ይገለጻል። ሪተንሃውስ ይህን ማኅተም ይዟል።

ማኅተሙ ጣዕም አያረጋግጥም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ግን ያረጋግጣል። ብዙ ውድ ጠርሙሶች በአንጻሩ ከሌላ ትልቅ ፋብሪካ የተገዛ ውስኪ ሞልተው የአያት ቅድመ አያት ታሪክ ይለጥፉበታል። ገዢው የሚከፍለው ለታሪኩ ነው።

ኪሱ ቀጭን የሆነ ሰው ከመታለል የሚድነው ሻጩ ደግ ስለሆነ ሳይሆን ሕጉ ጥርስ ስላለው ነው። ይህ ለውስኪ ብቻ ሳይሆን ለዘይትም፣ ለማርም፣ ለቅቤም ይሠራል።